ትልቅ ጡት፣ ማስቴክቶሚና በዚያው ቀን መልሶ መሥራት፦ ቆዳው የሚከዳው የት ላይ ነው?

ሲስተር_ኦንኮ

ሰላም ለቤቱ። ጡታቸው በካንሰር ምክንያት በቀዶ ጥገና ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ (ማስቴክቶሚ ማለት ነው) በዚያው ቀን መልሶ ለሚሠራላቸው፣ ማሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች የሚሰጥ የማብራሪያ ወረቀት እየተዘጋጀ ነው። ጡታቸው ትንሽ ወይም መካከለኛ ለሆነ ሴቶች የተጻፈ ሞልቷል። ጡቷ ከኪሎ በላይ ለሚመዝን ሴት ግን ያንኑ ወረቀት ብንሰጣት ግማሹ አይመለከታትም።

ለመነጋገር እንዲመች አንዲት ታካሚ እናስብ። 46 ዓመቷ ነው፤ 88 ኪሎ፣ ቁመቷ 1.63 ሜትር። ቀኝ ጡቷ ላይ፣ ከታች ወደ ውጭ ባለው ሩብ፣ ሁለት ዕጢዎች ስላሉ ጡቱ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት ተብሏል። ኬሞውን ጨርሳለች። ሕክምናው ሲጀመር ብብቷ ውስጥ አንድ ንፍፊት ላይ ካንሰር ተገኝቶ ነበር። የጡቷ ጫፍ ከአንገት ሥር ካለው የደረት አጥንት ጉድጓድ 34 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ የጡት መያዣዋ ቁጥር 40 ጂ ነው። ለስኳር ኪኒን ትወስዳለች፤ ኤችቢኤዋንሲ (የወራት የስኳር አማካይ) 7.9። አታጨስም። የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ስነቃ ደረቴ ባዶ እንዳይሆን»።

የሚያስፈልገኝ ይህ ነው። ቆዳው እንዴት ይቆረጣል? የጡት ጫፉስ ይተርፋል? ኢምፕላንት (ከውስጥ የሚገባ የሲሊኮን ጡት) ነው ወይስ የሆድ ሥጋ? ግራው ጡት መቼ ይስተካከላል? ጨረር ከመጣስ የትኛው ይፈርሳል?

—

መርፌና_ክር

ሲስተር፣ መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናንሳ። «ጡቷ ትልቅ ነው፣ ቆዳ ሞልቷል፣ ምን ይቸግራል» ይባላል። ቆዳው ሞልቷል፤ ደሙ ግን አብሮ አልሞላም። የጡት ቆዳ በዋናነት ደም የሚያገኘው ከደረት አጥንት ዳር በጎድን አጥንቶች መካከል ከሚወጡት ቅርንጫፎችና ከብብት በኩል ከሚመጡት ነው። ከታች ደግሞ ከጡት ሥር ባለው እጥፋት በኩል የሚገቡ ቀጫጭኖች አሉ። የጡቱ ሥጋ ሲወጣ ከውስጥ ወደ ቆዳው የሚመጣው ሁሉ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ቆዳው የሚኖረው ከዳር ተነሥቶ ከሥሩ በሚሮጠው ቀጭን የደም ሥር መረብ ብቻ ነው። ትልቅ ጡት ላይ ይህ መንገድ ረዥም ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ቆዳ የሚያገኘው የተረፈውን ነው።

ለትንሽ ጡት የሚደረገውን አግድም ቁርጥ እዚህ ብንደግመው የሚሆነው ግልጽ ነው። ብዙ ቆዳ ይቀራል፤ ከታች በኩል ይታጠፋል፤ ኢምፕላንቱ ከላይ ተቀምጦ ቆዳው ከሥሩ ይንጠለጠላል። መቀነት ያልታሰረበት ሰፊ ቀሚስ ማለት ነው። በእጥፋቱ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ላብ ይይዛል፤ ሴትየዋም ከጥቂት ወራት በኋላ ለሁለተኛ ማስተካከያ ትመለሳለች።

ስለዚህ የሚመረጠው ቆዳ ቀናሽ ማስቴክቶሚ ነው። ንድፉ እ.ኤ.አ. በ1956 ለጡት ማሳነሻ ከወጣው ከዋይዝ ንድፍ የተወሰደ፣ የተገለበጠ ቲ ቅርጽ ያለው ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ቅርጹ አይደለም። በጡት ማሳነሻ ላይ ከታች ተቆርጦ የሚጣለው ቆዳ እዚህ አይጣልም፤ የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ይላጥና ጠንካራው የታችኛው ንብርብር፣ ደርሚሱ፣ ከእጥፋቱ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። እንዲህ ባለ ጡት ላይ ከእጥፋቱ ወደ ላይ 10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ሊገኝ ይችላል። ይህ የራሷ ሥጋ ነው፤ በደም ይኖራል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ወደ ላይ ተስቦ ከደረት ጡንቻው የታችኛ ጠርዝ ጋር በሚሟሟ ክር ሲሰፋ ለኢምፕላንቱ ማዘያ ይሆናል። ትንሽ ጡት ያላት ሴት ለዚህ ሥራ የተገዛ ማትሪክስ (ከሰው ወይም ከእንስሳ የተዘጋጀ ሽፋን) ብዙ ጊዜ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ እርስዎ ታካሚ። ዕጢዎቹ ያሉት ከታች ወደ ውጭ ነው ብለዋል፤ ይህ ማለት ሊቀር የታሰበው ደርሚስ ልክ ከዕጢዎቹ ፊት ለፊት ነው። ኤምአርአዩ ላይ ዕጢው ከቆዳው ምን ያህል እንደሚርቅ ሳይነበብ ይህን ዕቅድ ማውጣት አይቻልም። ቆዳውን የነካ ወይም የሳበ ከሆነ ያ ክፍል ከጡቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ማዘያውም በዚያ በኩል ይጎድላል፤ ጉድለቱን በማትሪክስ መሙላት ግድ ይሆናል። ከቆዳው የራቀ ከሆነም ደርሚሱ ላይ የጡት ሥጋ ተለጥፎ እንዳይቀር ተጠርጎ መነሳት አለበት። ካንሰሩ ቆዳን የሚያቀላና የሚያሳብጠው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን መልሶ መሥራት የሚባል ነገር የለም።

ምልክቱ የሚደረገው ታካሚዋ ቆማ፣ እጆቿ ወርደው፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው፤ ተኝታ የተሰመረ መስመር ስትቆም ሌላ ቦታ ይገኛል። የደረት መሃል፣ የጡቱ መሃል፣ ከጡት ሥር ያለው እጥፋት ይሰመራሉ። የቲው ሁለት ቋሚ እግሮች ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይደረጋሉ። በእግሮቹ መካከል ያለው ማዕዘን ለጡት ማሳነሻ ከሚደረገው ይጥበብ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጡት ሲያሳንሱ ውስጡ ሥጋ ይቀራል፤ እዚህ ግን ውስጡ ምን ያህል እንደሚሞላ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። የተረፈ ቆዳ ኢምፕላንቱ ከገባ በኋላ በስቴፕል ጊዜያዊ ተያይዞ፣ ታካሚዋ ጠረጴዛው ላይ ቀና ተደርጋ፣ ታይቶ ይቆረጣል። የጎደለ ቆዳ ግን ከየትም አይመጣም።

የሚከዳው ቦታ ሦስቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ነው። ከግራና ከቀኝ የመጡት የቆዳ ጫፎች ከደም ምንጫቸው እጅግ የራቁት እዚያ ላይ ነው፤ የስፌቱም ጉተታ የሚበረታው እዚያው። መክዳቱን የሚያባብሱት ደግሞ አብዛኞቹ በእጃችን ያሉ ናቸው። ቆዳው ከመጠን በላይ መሳሳት፣ በመጎተቻ ብረት ለረጅም ጊዜ መወጠር፣ በኤሌክትሪክ ቢላዋ ከሥሩ መጠበስ፣ መጀመሪያ ቀን ትልቅ ኢምፕላንት ማስገባት። ከእጥፋቱ ላይ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ቆዳ ሳይላጥ ትቶ መገናኛው ውስጥ መስፋት ጉተታውን በእጅጉ ያላላል። በደም ሥር የሚሰጥና በልዩ ካሜራ የሚታይ አረንጓዴ ቀለም ካለ፣ ከመስፋት በፊት ደም የማይደርስበት ጫፍ ይታያል፤ የማይበራው ተቆርጦ ይጣላል። የራሷ ደርሚስ ከሥር መሆኑ ጥቅሙ እዚህ ይታያል፦ መገናኛው ቢከፈት እንኳ የሚታየው ሕያው ሥጋ እንጂ ሲሊኮን አይሆንም። ቁስሉ በፋሻ ይድናል፤ ኢምፕላንቱም ይተርፋል።

የጡት ጫፍን በሚመለከት፣ በ34 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለን ጫፍ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ከሥሩ ሥጋ ሳይኖር በሕይወት ማቆየት ቁማር ነው። ካንሰር የሌለባትና በዘር ምክንያት ለመከላከያ የምታስነሳ ሴት ብትሆን መጀመሪያ ጡቱን አሳንሶ ጫፉን ወደ ላይ ማውጣት፣ ከወራት በኋላ ማስቴክቶሚ ማድረግ ይቻላል። ካንሰር ላለባት ያ ጊዜ የለም። ጫፉን እንደ ቆዳ ቁራጭ ነቅሎ መልሶ መትከል አለ፤ ከጫፉ ሥር ያለው ሥጋ በፓቶሎጂ (በላቦራቶሪ የሥጋ ምርመራ) ንጹሕ ከሆነ። ግን ስሜቱ ይጠፋል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ልጥፍ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚሻለው ጫፉን አንሥቶ በኋላ በንቅሳት ማስመሰል ነው።

መጠኑን አስቀድመው ይንገሯት። የእሷ ጡት ወደ 1,100 ወይም 1,200 ግራም ይገመታል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት የተለመዱ የሲሊኮን ኢምፕላንቶች ትልቁ እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ድረስ 800 ሲሲ (ሚሊ ሊትር) አካባቢ ላይ ያበቃ ነበር። ስለዚህ በተለመዱት መጠኖች «እንደነበረው» የሚባል ነገር የለም። ግቡ 550 ወይም 650 ሆኖ ግራው ወደዚያ ይወርዳል። ይህን ከቀዶ ጥገናው በኋላ የምትሰማ ሴት ትቆጣለች፤ ልክ ነች።

ለዚህች ታካሚ በመጀመሪያው ቀን ቋሚ ኢምፕላንት ሳይሆን ኤክስፓንደር (ቀስ በቀስ በፈሳሽ የሚሞላ ፊኛ) አስገባለሁ። ቀዶ ጥገናው ላይ የቆዳው ቀለም የፈቀደውን ያህል፣ 100 ወይም 200 ሚሊ ሊትር ብቻ። ቁስሉ ከተዘጋ ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ በየቀጠሮው 60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር እየተጨመረ ይሞላል። ጥቅሙ፣ ቆዳው ከጠቆረ መርፌ አስገብቶ ፈሳሹን መቀነስ መቻሉ ነው። ከቋሚ ኢምፕላንት ምንም አይቀነስም።

—

ጨረረኛ

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው።

ኬሞ ሳይጀመር ንፍፊቷ ላይ ካንሰር ነበር፤ ስለዚህ ጨረር ሊቀርላት እንደሚችል ቃል አይግቡላት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፓቶሎጂው ታይቶ ይወሰናል፤ ዕቅዱ ግን «ይመጣል» ብሎ መጀመር አለበት። ጨረር ኢምፕላንትን አያቃጥልም። የሚለውጠው በዙሪያው ያለውን ሥጋ ነው፦ ሰውነት በባዕድ ነገር ዙሪያ የሚሠራው ስስ ከረጢት ይወፍርና ይጨመደዳል። ጡቱ ይጠነክራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዳንዴም ያማል። ይህ በሳምንት የሚታይ ሳይሆን በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነው።

በዚያው ቀን መልሶ መሥራት ካንሰሩን አያባብስም። ሊያባብስ የሚችለው መዘግየት ነው። መገናኛው ላይ ያለች 2 ሴንቲ ሜትር ቁስል ካልዘጋች ጨረሩ ይገፋል። ስለዚህ ቅርጹን 1 ቁጥር ዝቅ አድርጎ ስፌቱን ማላላት ከሁሉም ይበልጣል። ለትልቅ ጡት የሚያስፈልገው ስፌት ረዥም ነው፤ የሚከፈትበትም ዕድል ያንኑ ያህል ይጨምራል።

ኤክስፓንደር ከገባ፣ ለጨረር ዕቅድ የሚሆነው ሲቲ ከተነሣ በኋላ እስከ መጨረሻው ቀን መጠኑ አይነካ። 50 ሚሊ ሊትር መጨመር ወይም መቀነስ ዕቅዱን ያበላሻል። ስለዚህ መሙላቱ ከሲቲው በፊት ማለቅ አለበት፤ ወይም በያዘው ቆሞ ከጨረር በኋላ ይቀጥላል። የተለመደው 25 ጊዜ፣ ጠቅላላ 50 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ነው፤ በ15 ወይም 16 ጊዜ የሚጨርሱም አሉ። ሌላው፣ አብዛኛው ኤክስፓንደር መሙያው ላይ ማግኔት ስላለው ኤምአርአይ ውስጥ መግባት አይችልም። ካርዱ ቦርሳዋ ውስጥ ይሁን። ድንገተኛ ክፍል ስትገባ «ኢምፕላንት አለኝ» ማለት አይበቃም፤ «ማግኔት ያለው ኤክስፓንደር ነው» ትበል።

ከመርፌና_ክር የምለየው ግራው ጡት ላይ ነው። በዚያው ቀን መቀነስ አይታየኝም። ጨረር ያገኘው ጡት በ6 ወር ውስጥ ተጨማዶ ሌላ ቅርጽ ይይዛል፤ ያኔ ግራው ከማን ጋር ሊመሳሰል ነው? ደግሞስ ጤነኛው ጡት ላይ ቁስል ቢከፈት ለታመመው ሕክምና ሌላ መዘግየት ነው።

—

መርፌና_ክር

@ጨረረኛ ሁለተኛው ምክንያትህ ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው ግን የተመቻት ሴት ላይ ይሠራል። በአንድ ወገን 1,200 ግራም ተንጠልጥሎ በሌላው ከ200 ሚሊ ሊትር ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚሞላ ኤክስፓንደር ይዛ ለ8 ወር መሄድ ማለት ምን እንደሆነ አስበው። አንገት፣ ትከሻ፣ የጡት መያዣው ገመድ የሚቀረጥፈው ጉድጓድ። የሚመጥናት ጡት መያዣ ገበያ ላይ የለም። እኔ የምለው፣ ስኳሯ ከተስተካከለና ሁለተኛ ቡድን በግራው በኩል በአንድ ጊዜ መሥራት ከቻለ፣ በዚያው ቀን በጥንቃቄ ይቀነስ፣ ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ይተው፤ የመጨረሻው ማስተካከያ ከጨረር በኋላ ይሁን። ስኳሯ 7.9 ላይ ከቆመ ከአንተ ጋር ነኝ፤ ግራው ይቆይ።

መቼም ይሁን መቼ ከግራው የሚወጣው ሥጋ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል፣ አቅጣጫውም በክር ምልክት ይደረግበታል። ያልታሰበ ካንሰር ቢገኝ ከየትኛው ማዕዘን እንደወጣ መታወቅ አለበት። የግራው ማሞግራም ከቀዶ ጥገናው በፊት መታየቱንም አረጋግጡ።

ስለ ሆድ ሥጋ ያልኩት ስለሌለ ላክልበት። በዚህ ክብደት ሆዷ ላይ በቂ ስብና ቆዳ ይኖራል፤ ትልቅ ጡትን በእውነት መተካት የሚችለውም እሱ ነው። የጀርባ ጡንቻ ብቻውን ለዚህ መጠን አይበቃም። የሆዱን ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ነቅሎ፣ ደም ሥሩን በማይክሮስኮፕ ሥር ከደረት ደም ሥር ጋር መስፋት ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል። ጨረር ሊመጣ ሲል በዚያው ቀን ከተተከለ ግን ስቡ ሊጠነክርና ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ቡድኖች መሃሉን ይይዛሉ፦ ዛሬ ቆዳ ቀናሽ ማስቴክቶሚና ኤክስፓንደር፣ ከዚያ ጨረር፣ ከጨረር በኋላ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ኤክስፓንደሩን አውጥቶ የሆድ ሥጋ። ለእርስዎ ታካሚ የምጽፈው ይህን ነው። በዚያን ጊዜ ታሞክሲፌን የተባለውን የሆርሞን ኪኒን የምትወስድ ከሆነ የደም መርጋትን ስለሚያበረታ ከማይክሮስኮፕ ቀዶ ጥገናው ከ2 እስከ 4 ሳምንት በፊት የሚያቋርጡ ቡድኖች አሉ፤ ኦንኮሎጂስቷ ይወስን እንጂ ራሷ እንዳታቆም።

—

ድሬን_ቆጣሪ

ቀዶ ጥገናው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ይህ ሰፋ ብሎ ይግባ።

ስኳሩ፦ ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ 7.9 የሚለው ቁጥር የኬሞውን ወራት የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። በቤት ውስጥ የሚለካውን የ2 ሳምንት ንባብ ይዛ ትምጣ። ብዙ ክፍሎች ከ7.5 በታች ሲሆን ይመርጣሉ።

ምግቡ፦ ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቁስል በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.2 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል፤ ለእሷ ከ100 ግራም በላይ ማለት ነው (ኩላሊቷ ደህና ከሆነ)። ቀጠሮዋ ሁዳዴ ውስጥ ከወደቀ በሽሮ ብቻ እዚያ አይደረስም። የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ጾሙን ማላላት እንደሚችል አስታውሷት፤ እምቢ ካለች ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ ቶፉ በየማዕዱ ይቆጠርላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ባዶ ሆድ ለቁስሉም ለስኳሩም አይሆንም።

ድሬኑ (ፈሳሽ ማውጫ ቱቦው)፦ እንዲህ ባለ ጡት ብዙ ጊዜ ሁለት ይገባል፤ አንዱ ከቆዳው ሥር፣ አንዱ ከኢምፕላንቱ ጎን። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካ፤ የሁለቱ ቁጥር ለየብቻ ይጻፍ። በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ለሁለት ቀን ተከታትሎ ሲወርድ ይወጣል። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በድንገት ዜሮ የሆነ ድሬን አልደረቀም፤ ተደፍኗል። ቱቦውን ከቆዳው አጠገብ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ወደ ታች መጥመጥ ይገባል። ፈሳሹ ከሮዝ ወደ ቢጫ መሄዱ ደህና ነው። ቢጫ የነበረው ተመልሶ ደፈረሰ ወይም ሸተተ ማለት በዚያው ቀን ስልክ ነው፤ ትኩሳትም 38 ከደረሰ እንዲሁ።

ጠይም ቆዳ ላይ «መቅላት» የሚለው ምልክት ብዙውን ጊዜ አይታይም። ወረቀቱ ላይ «ከቀላ ይደውሉ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ብዙዎቹ አይደውሉም። ሞቆ ከሆነ፣ ከትናንቱ ከጠነከረ፣ ካብለጨለጨ፣ ከሌላው ቆዳ ይልቅ ወይነ ጠጅ ወይም ግራጫ ከመሰለ ተብሎ ይጻፍ። በየቀኑ በአንድ መብራት ሥር ፎቶ ታንሳ። ደም ያጠረው ቆዳ ራሱን የሚያሳየው ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ውስጥ ነው፤ መገናኛው ላይ መጀመሪያ ይደምናል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ እንደ ቆዳ ጫማ ይደርቃል። ትንሽና ደረቅ ከሆነ በቅባትና በፋሻ ይጠበቃል። ሰፊና ጥልቅ ከሆነ ሳይቆይ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ኤክስፓንደሩም ይቀነሳል።

ቆዳው ስሜት ስለማይኖረው ሙቅ ፎጣ፣ የሙቅ ውኃ ጎማ፣ በረዶም ክልክል ነው። ሲቃጠል አታውቅም። ወላጅ እናትና አክስት ለመተኮስ ሲመጡ የሚነበብላቸው ዓረፍተ ነገር ይሁን።

ሥራ፦ ለ4 እስከ 6 ሳምንት ከ4 ኪሎ በላይ አታንሳ። ሊጥ የሞላ ባልዲ፣ የምጣድ አክንባሎ፣ ልጅ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። እጅን እስከ ትከሻ ማንሳት ከመጀመሪያው ቀን ይጀመራል፤ ከዚያ በላይ ሐኪሙ ሲፈቅድ። ጨርሶ አለማንቀሳቀስም ትከሻን ያደርቃል፤ ለጨረር እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ መተኛት ስላለበት ያኔ ችግር ይሆናል።

—

ጥቁር_ቡና

ከአዲስ አበባ። ይህ ሁሉ ኤክስፓንደር፣ የማይክሮስኮፕ ቡድንና ቀኑ የታወቀ የጨረር ቀጠሮ ሲኖር ነው። እዚህ ላሉ አንባቢዎች አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ከውጭ የገባ ኢምፕላንት ቢገኝ እንኳ የሚከታተለው ሰው ከሌለ አይግባ። ጥሩ አማራጭ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ጎልዲሎክስ በሚል ስም የተገለጸው ነው። ያው የቲ ንድፍ ነው፤ ከታች የተላጠው ደርሚስና ከሥሩ ያለው የቆዳ ስብ ተጣጥፎ፣ ተደራርቦ ይሰፋና ትንሽ ጉብታ ይሆናል። ባዕድ ነገር የለበትም፤ ማትሪክስ የለበትም፤ ከማስቴክቶሚው በላይ የሚጨምረው ሰዓት ጥቂት ነው። የሚሠራው ትልቅ ጡትና ስብ ላላት ሴት ብቻ ነው፤ ቀጭን ሴት ላይ የሚታጠፍ ነገር የለም። ትንሽ ጡት ነው የሚወጣው፤ ግን ደረቷ ባዶ አይሆንም። ስኳር ላለባት፣ ጨረር ለሚጠብቃት ሴት፣ ውጭ አገርም ቢሆን ሊታሰብ ይገባል ባይ ነኝ።

ጠፍጣፋ ከተመረጠ ደግሞ ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ይሁን። ትልቅ ጡት ከተነሣ በኋላ ከብብት በታች የሚቀረው የቆዳና የስብ ጆሮ ክንድን ይፈትጋል፣ ጡት መያዣ አይቀበልም። ስፌቱን ወደ ጎን ማራዘም ወይም በዋይ ቅርጽ ማጠፍ ያስቀረዋል። የሚለበስ ጡት የሲሊኮን ካልተገኘ የጨርቅ ከረጢት በጥራጥሬ ሞልቶ፣ ከሌላው ጡት ጋር በሚዛን አመዛዝኖ ጡት መያዣው ላይ መስፋት ይቻላል። ክብደቱ ካልተመጣጠነ ጡት መያዣው ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ላብ ስለሚይዝ ከረጢቱ ተፈቶ የሚታጠብ ይሁን።

ጡት ሳይነሣ ዕጢውን አውጥቶ ጡቱን የማሳነስ ቀዶ ጥገና ለትልቅ ጡት እጅግ ይስማማል፤ የሲስተር ታካሚ ሁለት ዕጢዎችም በአንድ ሩብ ስለሆኑ «ለምን አልታሰበም» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጨረር ግን ግዴታው ነው። ጨረሩ የሚጀመርበት ቀን የማይታወቅ ከሆነ ያን መንገድ አትጀምሩ።

—

ሲስተር_ኦንኮ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሦስት ነገር ቀረኝ። ማትሪክሱ «ከምን ተሠራ» ብለው የሚጠይቁ አሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ኢንሹራንሱስ ግራውን ጡት ይከፍላል? ሦስተኛው የቃል ነው፦ «ኔክሮሲስ»ን (ደም አጥሮት የቆዳ መሞትን) «መበስበስ» ብለን ተርጉመናል፤ ያነበቡት ሁሉ ደነገጡ።

—

መርፌና_ክር

ማትሪክሱ እንደየስሙ ይለያያል፤ አሎደርም ከለገሰ ሰው ቆዳ የተዘጋጀ ነው፣ ስትራቲስ ከአሳማ። ከከብት የሚሠሩም አሉ። ከአንገት በላይ «ምንም አይደለም» አይባልም፤ ታካሚዋ ስሙንና ምንጩን ሰምታ የምትፈርምበት ነገር ነው። የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) አቋምም ይነገራት፤ ማትሪክሶቹን ለጡት መልሶ መሥራት ብሎ ለይቶ አላጸደቀም። የራሷ ደርሚስ ከበቃ ጥያቄው አይነሣም። ኢምፕላንቱ ደግሞ ለስላሳ ገጽ ያለው ይሁን፤ ሸካራ ገጽ ያለው ባዮሴል የተባለው ኢምፕላንት እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ የተሰበሰበው ከአንድ ብርቅ ሊምፎማ (የበሽታ መከላከያ ሴሎች ካንሰር) ጋር በመያያዙ ነው።

ኢንሹራንስ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የሴቶች ጤናና ካንሰር መብት ሕግ፣ ማስቴክቶሚ የሚከፍል የግልና የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱን በየደረጃው፣ የሌላውን ጡት ማስተካከያ፣ የሚለበስ ጡትና የክንድ እብጠት ሕክምናን ጭምር እንዲከፍል ያስገድዳል። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) በዚህ ሕግ ስለማይገዛ ክልሉ (ስቴቱ) ለብቻው ይጠየቅ። የግራው ጡት ፈቃድ ሲጠየቅ «ጡት ማሳነስ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ «ከማስቴክቶሚ በኋላ ለማመሳሰል» ይባል። አለበለዚያ ስንት ግራም ይወጣል ወደሚለው ክርክር ይገባሉ።

—

ድሬን_ቆጣሪ

«መበስበስ» ይውጣ። መበስበስ ሲባል ሰው የሚሰማው ሽታና ትል ነው። እኛ ክፍል «ደም ያልደረሰው ቆዳ» እንላለን፤ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ጥፋቱም የእሷ እንዳልሆነ ይሰማታል። ኤክስፓንደርን «ማስፊያ ፊኛ»፣ መገናኛውን ደግሞ «ሦስቱ ስፌቶች የሚገናኙበት» በሉት፣ ከጎኑም ሥዕል አድርጉበት። ድሬን ድሬን ነው፤ አትተርጉሙት።